የወይዘሮ ጥሩነሽ ጥልፍና ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

የወይዘሮ ጥሩነሽ ስልክ ከእጃቸው አምልጦ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ በወደቀ ጊዜ፣ ከእሳቸው ቀድማ ጎንበስ ብላ ያነሣችው ከኋላቸው ተሰልፋ የነበረች አንዲት ወጣት ናት። ወጣቷ ስልኩን በሹራቧ እጅጌ ጠረግ ጠረግ አድርጋ በሁለት እጇ አቀረበችላቸውና «እኔን! ተሰበረብዎት እንዴ?» አለች።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ከስልኩ በፊት ልጅቷን አዩ። ከሲያትል ወደ ዋይት ሴንተር በሚሄድ አውቶቡስ ላይ አማርኛ መስማት ብርቅ አይደለም፤ ዕቃ በሁለት እጅ የሚያቀብል ወጣት ግን ብርቅ ነው። «ሀበሻ ነሽ ለካ! ተባረኪ ልጄ» ብለው ከተቀበሉ በኋላ ዐይናቸውን ወደ ስልኩ ሲመልሱ ልባቸው ድንግጥ አለ። የመስታወቱ የላይኛው ግማሽ ቀለም እንደ ተደፋበት ጠቁሯል።

«ወየው! አለቀልኝ!» አሉ፣ ደረጃው ላይ እንደ ቆሙ።

ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ማጉረምረም ሲጀምሩ ወጣቷ ክንዳቸውን ደግፋ አስገባቻቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች። ስሟ ፀዲ ነው። አዲስ አበባ ሳለች በአንድ የግል ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ታስተምር ነበር። ዲቪ ደርሷት ሲያትል ከገባች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ጠዋት ጠዋት ቱክዊላ በሚገኝ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች፣ ከሰዓት በኋላ ኮሌጅ ትማራለች። ይህን ሁሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ ሁለት ፌርማታ ሳያልፉ ጠይቀው ጨርሰዋል፤ ድንጋጤ እንኳ ሰው ከመጠየቅ አያግዳቸውም።

«እትዬ፣ ስልኩ ውስጥ ምን ነበረዎት?» አለች ፀዲ። «የሰው ቁጥር ከሆነ ተፈልጎ ይገኛል።»

«ቁጥርማ ምን ዕዳዬ! የጥልፌ ፎቶ ነው እንጂ። ሰባት ዓመት ሙሉ የጠለፍኩት ሁሉ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ሌላ የትም የለኝም።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ በእጃቸው የሀበሻ ቀሚስ የሚጠልፉ ሴት ናቸው። አሠራራቸውም እንዲህ ነው፦ ንድፉን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይነድፋሉ፤ ከወረቀቱ ወደ ጨርቁ ያሳርፉታል፤ ጠልፈው ሲጨርሱ ቀሚሱን በስልካቸው ፎቶ ያነሣሉ፤ ከዚያ ወረቀቱን እንደ ጎመን ከታትፈው ይጥሉታል። ሲነድፉ ሰው ከገባባቸው ደግሞ ጨርቁን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። ሙያውን ያስተማሯቸው አክስታቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ እንዲያውም እሳቸው ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ነበር የሚከቱት። ይህ ልማድ በብዙ ባለሙያዎቻችን ዘንድ ያለ ነውና አንባቢ በኚህ ሴት ብቻ እንዳይፈርድ። የለፉበትን ነገር ሌላ ሰው ሳይለፋ ሲወስደው ማየት ቀላል አይደለም።

በዚያ ሰሞን፣ በፈረንጆቹ 2017 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ነገሩ አስቸኳይ ሆኖባቸዋል። ሾርላይን የሚኖሩት ደንበኛቸው ወይዘሮ የውብዳር ትንሿን ልጃቸውን ልዕልትን ከፋሲካ በኋላ ሊድሩ ነው። ልዕልትም «የእኅቴ ቀሚስ ላይ የነበረው ጥልፍ ካልሆነ ሌላ አልለብስም» ብላለች። የእኅቷን ቀሚስ አስመጥተው እንዳያዩት፣ የእኅቷ ባል ደግ ሠራሁ ብሎ ከጂንሱ ጋር ማሽን ውስጥ ከቶ አጥቦት ቀለሙ ለቆ ክሩ ከጨርቁ አይለይም። ንድፉ ወረቀት ላይ የለም። ያለው ይኸው አሁን የጠቆረው ስልክ ውስጥ ነው።

ፀዲ ስልኩን ሳትነካ አጎንብሳ አየችው። «እትዬ፣ አይዞዎት፤ ፎቶዎቹ ደኅና ናቸው። የተሰበረው መስኮቱ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። ግን ይሄ ጥቁር ነገር እያደር ወደ ታች ይወርዳል። ሶ፣ የታችኛው ሳይጠፋ በኬብል ከላፕቶፕ ጋር ኮኔክት አድርገን ፎቶዎቹን ኮፒ ማድረግ አለብን። ሙሉ በሙሉ ከጠቆረ በኋላ ስልኩን መክፈትም ማዘዝም ስለማይቻል ይከብዳል።»

«ኮምፒውተር ውስጥ ልታስገቢው?» ወይዘሮ ጥሩነሽ ስልኩን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። «አይሆንም ልጄ። ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ነገር የኔ መሆኑ ይቀራል።»

«ለምን እንዲህ አሉ?»

«ደርሶብኝ ነዋ! አንዷ የሠራሁላትን ቀሚስ ለብሳ ተነሣችና ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። ዓመት ሳይሞላ ያንኑ ጥልፍ፣ ያንኑ ራሱን፣ በማሽን ተመትቶ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ አየሁት። ዐይኔን ያፈሰስኩበትን ሥራ! ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ላላስነካ ምያለሁ፤ የንድፌን ወረቀት እንኳ ለሰው ሳላሳይ ቀድጄ ነው የምጥለው።»

«በእውነት ያናድዳል። ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያንን ጥልፍ ያወጣችው ሴትዮዋ ናት ወይስ ኮምፒውተር ነው?»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም እትዬ። ቀሚሱ ሰርግ ላይ በሺህ ሰው ፊት ይሄዳል። የፈለገ ሰው ከዚያው ላይ ፎቶ ያነሣዋል። ሌባው ካማረው ወረቀትዎን አይጠብቅም፤ ወረቀት የሚያስፈልገው ለባለቤቱ ነው።»

ይህ አነጋገር ወይዘሮ ጥሩነሽን ትንሽ ቆጠቆጣቸው። ደግነቱ መውረጃቸው ደረሰ። ፀዲ ቁጥሯን ሰጥታ «ነገ ቅዳሜ ስለሆነ ሥራ የለኝም፤ ሐሳብዎን ከለወጡ ኮል ያድርጉልኝ» አለቻቸው።

«ሐሳቤን አልለውጥም» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ አንድ እግራቸውን አስፋልቱ ላይ አድርገው። «ምሳ ግን መጥተሽ ብትበይ ደስ ይለኛል።»

በማግሥቱ ጠዋት ከስልኩ መስታወት የቀረው ሲሶው ብቻ ነበር። ወይዘሮ ጥሩነሽ ከአልጋቸው ሳይወርዱ አዩት። ያም ሆኖ ለፀዲ ሲደውሉ «ምሳው ደርሷል» አሉ እንጂ ስለ ስልኩ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ኩራት ይሉኝታን ተደግፎ ሲቆም እንዲህ ነው።

ፀዲ መጥታ እጇን እየታጠበች ሳለ ዐይኗ መስታወት ያለው ቁም ሣጥን ላይ ዐረፈ። ከሳሕኖቹ መካከል አንድ ጠፍጣፋ ነገር ነጭ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ ያ ምንድን ነው?»

«የአብርሃም ስጦታ ነው። ዴንቨር ያለው ልጄ። ኮምፒውተር ነው።»

«ተከፍቶ ያውቃል?»

«ያመጣው ቀን ከፍቶ አሳይቶኛል። ከዚያ አቧራ እንዳይገባበት አለበስኩት።»

ወገናችን ውድ ዕቃ ሲገባለት አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መጠቀሙ ሳይሆን ስለ ማልበሱ ነው። ቴሌቪዥኑም ማቀዝቀዣውም ለብሶ ይኖራል። የወይዘሮ ጥሩነሽ ኮምፒውተርም በእጅ በተሠራ ዳንቴል አጊጦ፣ አንድም ሥራ ሳይሠራ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በክብር ተቀምጧል።

ምሳ ተበልቶ ካበቃ በኋላ ፀዲ ረጋ ብላ ጀመረች። «እትዬ፣ ሙያውን ማን አስተማረዎት?»

«አክስቴ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ዛሬ እንደ እሳቸው የሚጠልፍ የለም። እኔ ራሴ እግራቸው ሥር አልደርስም።»

«የሳቸው ጥልፍ አሁን የት ይገኛል?»

ወይዘሮ ጥሩነሽ የገበታውን ጨርቅ ጠርዝ በጣታቸው ሲያስተካክሉ ቆዩ። «አንድ አንገት ዙሪያ የሚዞር ሐረግ ነበራቸው» አሉ በመጨረሻ። «ቅጠሉ ከቅጠሉ ውስጥ እየወጣ ዞሮ ዞሮ መነሻው ላይ ሲገጥም መጋጠሚያው አይታወቅም። የት ጀመረ፣ የት አለቀ፣ አትዪውም። ስንት ቀሚስ ላይ ሞከርኩት መሰለሽ! መገጣጠሚያው ላይ ሁልጊዜ ይበላሽብኛል፤ ከዚያ በመስቀል እሸፍነዋለሁ። ልጅ ነበርኩ፤ አጀማመሩን አየሁ እንጂ መጨረሻውን አላሳዩኝም። ወረቀቱንም አቃጠሉት።»

«ማንም አልሰረቃቸውም ማለት ነው።»

«ማን ይሰርቃቸዋል!»

«ግን ጠፋ።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ልጅቷን አተኩረው አዩአት። ተቆጥተው እንዳይሆን ፀዲ ፈርታ ነበር፤ ነገር ግን ቁጣ አልነበረም። ነገሩ እውነት ስለሆነባቸው አዝነው ነው። «አነጋገርሽ ልብ ይወጋል» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ያልኩት ስለሚያሳዝነኝ ነው። የአክስትዎን ሥራ እሳት በላው፤ የርስዎን ደግሞ ይሄ ስልክ ይዞት ሊጠፋ ነው። እስከ ነገ ቢቆይ ነው።»

«እሺ፤ ልስማሽ። ያ ያልሽው ገመድ ተሰክቶ ሳለ ከሩቅ ሆኖ የሚያይ አይኖርም?»

«ኬብሉ ከዚህ ጫፍ እስከዚህ ጫፍ ነው፤ ሌላ የሚሄድበት የለም። ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ጋር ባናገናኘው ፎቶው ከዚህ ቤት አይወጣም። የሚገርምዎ ግን ኢንተርኔት ውስጥ ውሎ የሚያድረው ስልክዎ ነው። ስልክም እኮ ኮምፒውተር ነው።»

«እና እስከዛሬ ኮምፒውተር ይዤ ነው የምዞረው?»

«አዎ፤ ያውም ዳንቴል ያልለበሰ።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ሳይወዱ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን አንድ ነገር አጥብቀው ያዙ፤ ስልኩ ከእጃቸው አይወጣም። ፀዲ ኮምፒውተሩ ጋ፣ እሳቸው ስልኩን ይዘው ከጠረጴዛው ማዶ ሊቀመጡ ተስማሙ። ዳንቴሉም ተገፈፈ።

ሁለት ዓመት የተኛ ኮምፒውተር ቀስቅሰውት ቶሎ አይነሣም። ባትሪው እስኪሞላና እስኪነቃ ድረስ ወይዘሮ ጥሩነሽ የፀዲን የዘር ሐረግ እስከ ቅድመ አያቷ አጣሩ። በመጨረሻ ፀዲ የስልኩን ቻርጀር ኬብል ተቀብላ ሰካችው። ስልኩ ኃይል መሙላት ጀመረ፤ ኮምፒውተሩ ግን ጭጭ አለ።

«ይሄን ኬብል ከየት ገዙት?»

«ከነዳጅ ማደያው።»

«ገባኝ። አንዳንድ ርካሽ ኬብል ኃይል ብቻ ነው የሚያስተላልፈው፤ ፎቶ የሚያልፍበት ሽቦ ውስጡ የለም። ብዙ ሰው ይሄን ባለማወቅ ስልኬ ተበላሽቷል ይላል» አለችና ከቦርሳዋ የራሷን አውጥታ ቀየረችው። ኮምፒውተሩ ጢን አለ። «ኦኬ፣ አገኘው!» ብላ የስልኩን ስም ተጭና ከፈተች። ውስጡ ባዶ ነበር።

ነቅላ ሰካችው። ባዶ። እንደገና ነቅላ ሰካችው። አሁንም ባዶ።

«ምን ሆነ?» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ፤ የልጅቷ ፊት ሲለዋወጥ አይተው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ጠፋ በይኛ! ሰባት ዓመቴ ጠፋ?»

«ይቆዩ እትዬ፣ ይቆዩ... ኬብሉን ስሰካ ስልኩ ምንም አላለዎትም?»

«ምን ይለኛል! እንደ ልማዱ ጠየቀኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ ዲናይ፣ አልፈቅድም አልኩት።»

«ሦስቱንም ጊዜ?»

«ስንቴስ ቢጠይቀኝ! አብርሃም ‹እማዬ፣ ስልክሽ ለሚጠይቅሽ ነገር ሁሉ ዲናይ በይ፤ አጭበርባሪ በዝቷል› ብሎኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቀን ፈቅጄለት አላውቅም።»

ፀዲ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ እስኪበቃት ሳቀች። «እትዬ፣ ስልኩ የጠየቀዎት ‹ይሄ ኮምፒውተር ውስጤን እንዲያይ ትፈቅጃለሽ?› ብሎ ነው። እርስዎ ስለ ከለከሉት ነው ባዶ ሆኖ የሚታየኝ።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ግን አልሳቁም። ቀስ ብለው ተቀመጡ። «አንቺ የኮምፒውተር አስተማሪዋ፣ ገመዱ ተሰክቶ እያለ፣ እኔ አይሆንም ስላልኩ ብቻ አንድ ፎቶ ማየት አቃተሽ?»

«አቃተኝ።»

«እስቲ ደግመሽ ሰኪው።»

ሰካችው። ስልኩ ጠየቀ፤ ወይዘሮ ጥሩነሽ በቀረችው የመስታወት ሲሶ ላይ ዲናይ አሉ። «ምን ታያለሽ?»

«ባዶ።»

አስነቅለው እንደገና እንድትሰካው አደረጉ። አንድ ሥራ ሲረካከቡ ስፌቱን ወዲህና ወዲያ እየጎተቱ የሚፈትኑት በዚህ ዓይነት ነው። ያን ሁሉ ክርክር ያልፈታው ጥርጣሬ በራሳቸው ጣት ተፈታ፤ ለካ ቁልፉ እሳቸው እጅ ኖሯል። በመጨረሻ ስልኩ ሲጠይቃቸው መነጽራቸውን አስተካክለው «በል እንግዲህ፣ ፈቅጃለሁ» አሉና ‹አላው› የሚለውን ተጫኑት።

ፎቶዎቹ ኮምፒውተሩ ላይ ተግተለተሉ። አንገት፣ ደረት፣ እጅጌ፣ ጠርዝ፤ የሰባት ዓመት ሥራ። ፀዲ ሁሉንም ኮፒ አድርጋ ስትጨርስ ወይዘሮ ጥሩነሽ ፈጥነው ስልካቸውን አዩ።

«ከዚህ ግን አልወጡም!»

«አይወጡም። ንድፉን ከወረቀቱ ወደ ጨርቁ ሲያሳርፉት ወረቀቱ ላይ ያለው ይጠፋል?»

«አይጠፋም» አሉ፤ ትንሽ ቆይተውም «እኔ ካልቀደድኩት» ብለው ጨመሩ።

ፀዲ ወይዘሮ ጥሩነሽ እየጠቆሟት የልዕልትን እኅት ቀሚስ ፈልጋ አገኘችና ስክሪኑን እስኪሞላ አሰፋችው። ክሩ አንድ በአንድ ታየ፤ መርፌዋ የገባችበትና የወጣችበት እንኳ ተለየ። ወይዘሮ ጥሩነሽ በስልክ ላይ ሲያዩ ዐይናቸውን እያጨናበሱ ነበር፤ አሁን ወደ ኋላ ለጠጥ ብለው አዩት። የገዛ እጃቸውን ሥራ እንዲህ ጎልቶ አይተውት አያውቁም ነበርና ከደስታ ብዛት እንባ እንባ አላቸው። «ይሄን የጠለፍኩት እኔ ነኝ?» አሉ።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። «ልጄ፣ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል?»

«አራትም ይቻላል።»

«በይ፤ አንገት ላይ ሐረግ ያለባቸውን አውጪልኝ። መገጣጠሚያው ላይ መስቀል ያረፈባቸውን።»

የአክስታቸውን ሐረግ የሞከሩባቸው ቀሚሶች ነበሩ። በየዓመቱ አንዱን ሠርተው፣ ተበላሸብኝ ብለው፣ ወረቀቱን ቀድደው፣ የሚቀጥለውን እንደ አዲስ የጀመሩት። ከሥራው ጋር ስሕተቱንም ቀድደው ይጥሉት ስለነበር ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ትምህርት አልነበረም። ዛሬ ግን ጎን ለጎን ተሰልፈው ሲያዩአቸው፣ በአንዱ ላይ ቅጠሉ በትክክል ታጥፏል፤ በሌላው ላይ ግንዱ በትክክል ከሥር አልፏል። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይዞታል። ወይዘሮ ጥሩነሽ ጣታቸውን ከአንዱ ወደ ሌላው ደጋግመው አመላለሱ። ፀዲም ነገሩ ባይገባትም ጣታቸው ያረፈበትን ሁሉ አሰፋችላቸው።

ስልኩ በማግሥቱ ጭልም ብሎ ጠፋ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አይተውት «ጊዜህን ጨርሰሃል» ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፤ አንድ ቀን ቀድሞ ቢሆን ኖሮ አልቅሰው አያባሩም ነበር። ስልክ ይወድቃል፣ ይሰረቃል፣ ውኃ ይገባበታል፤ ሥራን በእሱ ብቻ ማስቀመጥ ንብረትን በር በሌለው ቤት ማኖር ነው። ትክክለኛ ኬብልና ጥቂት ደቂቃ ለሚሰጥ ሰው ግን ሥራው በሁለት ቦታ ይኖራል፤ ፍላሽ ላይ ገልብጦ ለልጁ ቢልክ ደግሞ በሦስት። የደከመ ዐይን አስፍቶ ያያል። ያለፈው ሥራ ከአሁኑ ጋር ይተያያል፤ ሙያም የሚያድገው ሲተያይ ነው። መከልከልን ማወቅ መልካም ነው፤ አብርሃም እናቱን የመከረው በቅንነት ነው። ነገር ግን የሚጠየቀውን ሳያነብ ሁሉን የሚከለክል ሰው፣ ሳያነብ ሁሉን ከሚፈቅደው ሰው ብዙም አይሻልም። ወይዘሮ ጥሩነሽም ከዚያ ወዲህ አንብበው ይመልሳሉ፤ ያልገባቸው ሲሆን ለፀዲ ይደውላሉ። ፌስቡክ ላይ ግን ዛሬም አንድ ፎቶ አያወጡም፤ ፀዲም በዚህ አልተከራከረቻቸውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፀዲ አዲሱን ስልክ ልታስተካክልላቸው ስትመጣ በሩን ክፍት አገኘችው። ወይዘሮ ጥሩነሽ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ወረቀት ላይ ይነድፋሉ። ከፊታቸው ኮምፒውተሩ ተከፍቷል፤ ዳንቴሉን ሳሕኖቹ ለብሰውታል። ለልዕልት ቀሚስ የእኅቷን ጥልፍ ደረቱ ላይ አድርገው፣ አንገቱ ዙሪያ ግን የአክስታቸውን ሐረግ ጀምረዋል። ፀዲ ነውር እንዳይሆንባት ፊቷን አዙራ «ሥራ ላይ ነዎት፤ እኔ ወጥቼ ልጠብቅ» አለች።

የወይዘሮ ጥሩነሽ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ነጠላቸው ሄደ። ጫፉን ከያዙ በኋላ ግን ወረቀቱ ላይ አላለበሱትም፤ ወደ ትከሻቸው መልሰው አጣፉት። አጠገባቸው ያለውን ወንበር በእግራቸው ሳብ አደረጉት።

«የት ትወጫለሽ? ነይ ጠጋ በይ» አሉ። «መጨረሻውን አሳይሻለሁ።»